ነጭ ከነጭ ቀይ ሲወለድ
የዶሮ ላባ ቀለም ስለ ገበያችን፣ ስለ ኪሳችንና ስለ ቤተሰባችን የሚነግረን

የበዓል ዋዜማ ሾላ ገበያ ወይም ገርጂ ብቅ ብለው ከሆነ ይህችን ንግግር ያውቋታል። ነጋዴው እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ብድግ ያደርግና «ማዘር፣ ይሄን ቀይ ይዩልኝ! ንጹሕ የሐበሻ ነው» ይላል። አጠገቡ ያለውን ነጭ ሲጠይቁት «እሱ የፈረንጅ ነው፣ ለወጥ አይሆንዎትም» ብሎ ያልፈዋል። ጥቁሩን ሲያነሱ ደግሞ ዋጋው ትንሽ ዝቅ ይላል። ዶሮው በእጅ ሳይመዘን፣ ደረቱ ሳይዳሰስ፣ ዕድሜው ሳይጠየቅ ላባው ብቻውን ዋጋውን ተናግሯል።

ለመሆኑ ላባ ይህን ያህል የሚያውቀው ነገር አለ? ቀይ መሆኑ ሐበሻ ያደርገዋል? ነጭ መሆኑስ ወጡን ያበላሻል? አያት፣ ሰሚት ወይም ጎሮ ግቢያቸው ውስጥ ጥቂት ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦችም ሌላ ጥያቄ አላቸው፤ ልጆች «እናቷ ነጭ፣ አባቷ ነጭ፣ እሷ ለምን ቀይ ሆነች?» ብለው ሲጠይቁ ምን ይመለሳል? መልሱ ከዶሮ ቤት ተነሥቶ እስከ ሳሎናችን ይደርሳል።

ስሙን ያወጣነው እኛው ነን

አማርኛ ለዶሮ ቀለም የሚሆን ቃል አላጣም። ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ አይደለም ያለን። ነጭና ጥቁሩ የተቀላቀለባትን ገብስማ እንላታለን፤ ከገብስ ጋር አመሳስለን። ጅግራ የምትመስለውን ነጠብጣባም ዝግርማ፣ ቆቅ የምትመስለውን ቆቅማ የሚሉ አሉ። ወሰራም አለች። ስሞቹ ከአካባቢ አካባቢ ትንሽ ትርጉማቸው ይለያያል፤ ሆኖም አያቶቻችን ዶሮን ቀርበው የሚያዩ ሰዎች እንደነበሩ ይመሰክራሉ።

ተመራማሪዎችም የጀመሩት ከዚሁ የገበሬ ቋንቋ ነው። ዶክተር ተከተል ፎርሲዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ዶሮዎችን የሥጋ ምርት ባጠኑበት ሥራ ዶሮዎቹን የለዩዋቸው ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማና ነጭ በሚሉት ስሞች ነበር። መላጣ የተባለችው አንገቷ ላይ ላባ የሌላት ናት።

ስሙ ግን የሚነግረን የምናየውን ብቻ ነው። ከላባው በታች የተደበቀውን አይነግረንም። የነገሩ ምስጢር ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ሁለት ቀለም፣ ብዙ ባለሙያ

የዶሮ አካል ላባ ላይ የሚቀባው ሜላኒን በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ከቀይ እስከ ቢጫ የሚሄድ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ቡናማ፣ ወርቅማ የምንለው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ መጠን፣ ቦታና መሳሳት ውጤት ነው።

ሥራው ግን የአንድ ዘረመል ሥራ አይደለም። አንዱ ቀለሙ ከመነሻው እንዲመረት ይፈቅዳል። ሌላው ጥቁሩ ይብዛ ወይስ ቀዩ ብሎ ይወስናል። ሌላው ላባው ሲያድግ ቀለሙን እያቋረጠ ነጭ ሰረዝ ያወጣል። ሌላው ጥቁሩን አሳስቶ ግራጫ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ጫጩት ከእያንዳንዱ ዘረመል በአብዛኛው ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ። አንዳንዱ ቅጂ አንድ ብቻውን ሆኖ ይታያል፤ አንዳንዱ ካልተጣመረ በስተቀር ተደብቆ ይኖራል።

አንዱ ዘረመል የሌላውን ሥራ እንዴት እንደሚሸፍን ለልጅዎ ማስረዳት ከፈለጉ መብራትን ምሳሌ ያድርጉ። ሳሎን ውስጥ ቀይ አምፖል፣ መኝታ ቤት ሰማያዊ አምፖል አለ እንበል። ቆጣሪው ጋ ያለው ዋና ማብሪያና ማጥፊያ ከጠፋ ሁለቱም ክፍል ጨለማ ነው። አምፖሎቹ አልተለወጡም፤ ቀዩም ቀይ ነው፣ ሰማያዊውም ሰማያዊ ነው። ግን አይታዩም። ዋናው ሲበራ እንደገና ይታያሉ። ነጭ ዶሮም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናት፤ ቀለም የሌላት ሳትሆን ቀለሟ ያልበራላት።

ነጭና ነጭ አንድ አይደሉም

በዓለም ላይ ካሉ ነጭ ዶሮዎች ውስጥ በሁለት ፍጹም የተለያዩ መንገዶች ነጭ የሆኑ አሉ። አንደኛዋ ዋናው ማብሪያዋ የጠፋባት ናት፤ ሜላኒን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዘረመል ሁለቱም ቅጂ ስለማይሠራ ላባዋ ሳይቀለም ያድጋል። ይህ ዓይነቱ ነጭነት የሚታየው ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ግን ማብሪያዋ በርቷል፤ ሆኖም ቀለሙ በተለይም ጥቁሩ ላባው ላይ እንዳይቀመጥ የሚያግድ ሌላ ዘረመል አላት። ይህ እጅግ ኃይለኛ ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ላባውን ያነጣል። ነጭ ሌግሆርን የሚባለው በእንቁላሉ የታወቀው ዝርያ ነጭ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ሁለቱን ነጮች እናዳቅል። ጫጩቶቹ በሙሉ ነጭ ይሆናሉ፤ ያ ኃይለኛ አጋጅ ስላለባቸው። እነዚያ ነጭ ወንድምና እህት አድገው እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሂሳብ ስንሄድ ከ16 የልጅ ልጆች 13ቱ ነጭ፣ 3ቱ ግን ባለቀለም ይሆናሉ። አያቶች ነጭ፣ ወላጆች ነጭ፣ ልጅ ቀይ ወይም ጥቁር!

ሦስቱ ከየት መጡ? አጋጁን ከማንም ያልወረሱ፣ የሚሠራውን ማብሪያ ግን ቢያንስ ከአንድ ወላጅ ያገኙ ናቸው። ማንም ከጎረቤት ግቢ አልዘለለም። ቀለሙ ሁለት ትውልድ ሙሉ እዚያው ነበር፤ የሚገልጠው ድብልቅ እስኪገኝ ይጠብቅ ነበር።

ይህን መሰል ሂሳብ መጀመሪያ በዶሮ ላይ የሠሩት እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰንና የሥራ ባልደረባው ሬጂናልድ ፑኔት ናቸው። ቤትሰን የሜንዴል ሕግ ከአተር አልፎ በእንስሳት ላይም እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ያሳየው በዶሮ ነው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ የዶሮ ኩክኒ ላይ ያዩት ደግሞ እስከ ዛሬ በትምህርት ቤት ይጠቀሳል። ሁለት የተለያየ ቅርጽ ያለው ድርብ ኩክኒ ያላቸውን ዶሮዎች ሲያዳቅሉ ልጆቹ ከሁለቱም የማይመስል ሦስተኛ ቅርጽ አወጡ። የልጅ ልጆቹ ዘንድ ደግሞ ከ16 አንዱ ነጠላ ኩክኒ ሆኖ ብቅ አለ፤ ከአያቶቹ አንዳቸውም ሳይኖራቸው። በበዓል ገበያ ድርብ ኩክኒ ያለውን አውራ ዶሮ መርጠው የሚገዙ ሰዎች ካሉ፣ የመረጡት የሁለት ዘረመሎችን ንግግር ነው።

የገብስማዋ እናት ወንድ ልጅ

ገብስማ ከምንላቸው ውስጥ ጥቁር ላባዋ ላይ ነጭ ሰረዝ የተደረደረባት አለች። ይህንን ሰረዝ የሚያወጣው ዘረመል ልዩ ጠባይ አለው፤ ጾታን ከሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው የተቀመጠው። በሰው ዘንድ የልጁን ጾታ የሚወስነው የአባት ዘር ነው። በዶሮ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚወስነው የእናት እንቁላል ነው። ወንዱ ይህን ክሮሞዞም ሁለት ይይዛል፤ ሴቷ አንድ ብቻ፣ እሱንም ከአባቷ ትወርሳለች።

ስለዚህ ሰረዝ ያላትን ሴት ዶሮ ሰረዝ ከሌለው ጥቁር አውራ ጋር ቢያገናኙ የሚፈለፈሉት ወንዶች በሙሉ እንደ እናታቸው ሰረዛም፣ ሴቶቹ በሙሉ እንደ አባታቸው ጥቁር ይሆናሉ። ከእንቁላል በወጡ ዕለት እንኳ ወንዶቹ አናታቸው ላይ ባለው ነጭ ነጥብ ይታወቃሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምግብ ባጠረበት እንግሊዝ ፑኔት ይህን መሰሉ የቀለም ውርስ ወንድ ጫጩቶችን በጊዜ ለመለየት እንዲያገለግል ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

ዛሬ ከሱፐርማርኬት የሚገዙት ቡናማ እንቁላል የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉ ቡናማ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚገኙት ወርቅማ ዘረመል ያለውን አባት ብርማ ዘረመል ካላት እናት በማዳቀል ነው። ሴቶቹ ቡናማ ሆነው ይፈለፈላሉ፤ ወንድሞቻቸው ግን ፈዛዛ ነጣ ያሉ ናቸው። የመፈልፈያ ጣቢያው ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በዓይኑ ብቻ ይለያቸዋል። የቡናማዋ ዶሮ ወንድም ነጭ ነው ማለት ነው!

ወደ አገራችን የገባ ሌላ ምሳሌም አለ። ኮኮክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ገብቶ ለገበሬዎች ተሰራጭቷል። መልኩ ገብስማ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሰረዝ። ከተፈጠረባቸው ዝርያዎች ዋናዎቹ ግን ጥቁሩ አውስትራሎርፕና ነጩ ሌግሆርን ናቸው፤ በታሪኩ ውስጥ ሰረዛሙ ፕሊማውዝ ሮክም ይጠቀሳል። ብዙ ነጭ ሌግሆርኖች ከነጩ ሥር የሰረዝ ዘረመል ተሸክመው ይኖራሉ፤ አጋጁ ሲነሳላቸው ሰረዙ ይወጣል። የኮኮክ ወንዶች ደግሞ ከሴቶቹ ነጣ ይላሉ፤ ወንዱ የሰረዙን ዘረመል ሁለት ቅጂ ስለሚይዝ ነጩ ይሰፋበታል።

ቀይ ሁሉ ሐበሻ አይደለም

አሁን ወደ ኪስዎ እንምጣ። «ነጭ የፈረንጅ፣ ቀይ የሐበሻ» የሚለው አባባል ምክንያት ነበረው። በብዛት የምናየው የውጭ ዶሮ ነጩ ሌግሆርንና ነጩ የሥጋ ዶሮ ነበር። የሥጋ ዶሮ አርቢዎች ነጭን የመረጡበት ምክንያትም ከጣዕም ጋር አይገናኝም፤ ጥቁር ላባ ሲነቀል ቆዳው ላይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፣ ነጭ ላባ ግን አያሳጣም።

ዛሬ ግን ያ ምልክት አይሠራም። በየገጠሩና በየከተማው ዳር የሚረባው ሳሶ የፈረንሳይ ዝርያ ነው፤ ላባው ግን ባብዛኛው ቀይና ቡናማ ነው። ፈረንሳውያንም እንደ እኛ ባለቀለም ዶሮ ሲያዩ ገጠር፣ ግቢና እውነተኛ ጣዕም ትዝ ስለሚላቸው አርቢዎቻቸው ባለቀለሙን ጠብቀው አቆዩት። ቀለምን የሚወስኑት ጥቂት ዘረመሎች ናቸው፤ ፈጥኖ ማደግን፣ ክብደትንና እንቁላል መጣልን የሚወስኑት ደግሞ ብዙ ሌሎች ናቸው። የፈለጉትን ቀለም በፈለጉት ሰውነት ላይ ማልበስ ይቻላል።

ስለዚህ ለ«ሐበሻ» ብለው ተጨማሪ ብር ከመክፈልዎ በፊት ከላባው ሌላ ጥቂት ነገር ይዩ።

– ክብደት፦ የአገር ውስጥ ሴት ዶሮ ቀላል ናት፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ብዙም አትርቅም። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ወፍራምና ከባድ ከሆነ ቀይ ቢሆንም የተሻሻለ ዝርያ ሊሆን ይችላል።
– ዕድሜ፦ የአውራውን እግር ሹል ጥፍር ይመልከቱ። ረጅምና ጠንካራ ከሆነ ዕድሜው ገፍቷል፤ ወጡ ረጅም ሰዓት እሳት ይፈልጋል።
– ጤና፦ ዓይኑ ብሩህ፣ ኩክኒው ቀላ ያለ፣ ትንፋሹ የማያፏጭ፣ ኋላው ንጹሕ ይሁን።
– የእግርና የቆዳ ቢጫነት፦ ግማሹ ዘረመል፣ ግማሹ ቀለብ ነው። ቢጫ በቆሎና ቅጠል የበላች ዶሮ ቢጫነቷ ይደምቃል። የአስኳሉም ቢጫነት የሚመጣው ከቀለቧ ነው እንጂ ከላባዋ አይደለም።

የጣዕሙ ነገርስ? የሐበሻ ዶሮ ሥጋ የሚለየው በዝግታ ስለሚያድግ፣ ስለሚሯሯጥና ጭሮ ስለሚበላ ነው። በዚህ መንገድ ያደገ ነጭ ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ተከፋፍሎ ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ከቀዩ የሚለይዎት አይኖርም።

«ገብስማ ዶሮ አምጡ» ሲባል

አንድ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ቅር ይለናል። ቤት ውስጥ ሰው ታሞ፣ ሥራ ጠፍቶ ወይም ልጅ አልተኛ ብሎ የተጨነቀ ቤተሰብ «ይህን ዓይነት ቀለም ያላት ዶሮ አምጡ» ሲባል ከተማውን ሲዞር፣ የተባለውንም ዋጋ ሲከፍል አይተናል። በጭንቅ ላይ ያለን ሰው መውቀስ አይገባም። ግን የምናውቀውን እንናገር፤ ገብስማነት ላባው ሲያድግ ቀለም የሚቋረጥበትና የሚቀጥልበት ሥርዓት ነው። ያቺው ዶሮ እህቷ ጥቁር፣ ወንድሟ ቀይ ሊሆን ይችላል። ያንን ገንዘብና ያንን ቀን ለሐኪም ቤት ማዋል የታመመውን ሰው ይጠቅመዋል።

የመረጥነው ቀለም የት ይደርሳል?

ገጠር ያለች እናት ለፋሲካ የምትሸጠው የትኛውን አውራ ነው? ትልቁን፣ ቀዩን፣ ድርብ ኩክኒ ያለውን፤ ከተማ ያለነው የምንከፍልበትን። ግቢ የሚቀረው ያልተመረጠው ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጫጩቶች የሚያፈራውም እሱ ነው። የወደድነውን መልክ ዘር ሳይተካ እየበላነው ነው ማለት ይቻላል።

ገበሬውም የራሱ ስሌት አለው። ነጭ ዶሮ ሜዳ ላይ ከሩቅ ስለምትታይ ጭልፊት ቶሎ ይወስዳታል፤ ገብስማዋና ቆቅማዋ ግን ከሣሩና ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላሉ። የቀለሙ ብዛት የመኖር ዋስትና ነው።

ከቦሌ ብዙም ሳይርቅ ጉርድ ሾላ አካባቢ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) በዶክተር ታደለ ደሴ መሪነት በኢትዮጵያ፣ በታንዛኒያና በናይጄሪያ ዶሮዎችን በገበሬው ግቢ ውስጥ ሲያወዳድር ሳሶን፣ ኩሮይለርን፣ ኮኮክንና የእኛውን ሆሮ አብሮ ፈትኗል። እንዲህ ባለው ሥራ የገበሬው ምርጫ ከክብደትና ከእንቁላል ቁጥር ጋር እኩል ይጠየቃል። ብዙ የምትጥል ዶሮ መልኳን ገበያው ካልወደደው አርሶ አደሯ አትይዛትም።

ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት

ግቢ ካለዎት፣ ወይም ዘመድ ዘንድ ዶሮ የምታቅፍ ካለች፣ ልጅዎ ደብተር ይያዝ። የእናቲቱን፣ የአባቱንና የተቻለውን ያህል የአያቶቹን ቀለም ይጻፍ፣ ፎቶ ያንሳ። ሃያ አንድ ቀን ይቁጠር። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ቀለማቸውን፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ላባ ሲለውጡ ደግሞ እንደገና ይመዝግብ፤ የጫጩት ጸጉር ቀለም ካደገች በኋላ ካለው ይለያል። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ሁለት ሳንቲም ይበቃል። አንዱ ሳንቲም የእናት፣ አንዱ የአባት ይሁን፤ አንበሳው ሲወጣ «ማብሪያው ይሠራል»፣ ሌላው ፊት ሲወጣ «አይሠራም» ይባል። 16 ጊዜ ይወርውሩና ሁለቱም «አይሠራም» ያሉበትን ይቁጠሩ። 4 አካባቢ ይሆናል፤ ግን ልክ 4 ላይሆን ይችላል። ዕድልና ሕግ አብረው እንደሚሠሩ ልጅ ከዚህ በላይ የሚማርበት መንገድ የለም።

«ማንን መሰለ?»

ይህ ሁሉ የዶሮ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባቆምን ነበር። ግን አራስ ጥየቃ ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ማንን መሰለ?» ነው። ቀይ እናትና ቀይ ዳማ አባት ጠይም ልጅ ሲወልዱ፣ ወይም ሁለት ጠይሞች ቀይ ልጅ ሲያቅፉ፣ ገንፎው ሳይበርድ ሹክሹክታው ይጀምራል። በዚህ ሹክሹክታ የተጎዳ ትዳርና በወንድሞቹ መካከል «አንተ ከየት መጣህ?» እየተባለ ያደገ ልጅ አለ።

የሰው ቆዳ ቀለም ከዶሮ ላባ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው፤ ብዙ ዘረመሎች እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ያዋጡበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ከ1,500 በላይ ሰዎችን መርምሮ፣ ቆዳን የሚያቀሉም የሚያጠቁሩም የዘረመል ቅጂዎች በአፍሪካ ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ አሳይቷል። በእኛ አገር ሁለቱም ዓይነት በብዛት ስላሉ አንድ ቤት ውስጥ የተወለዱ ልጆች ከጥቁር እስከ ቀይ ቢደረደሩ የሚገርም አይደለም። ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ሊጠቁር ወይም ሊቀላ ይችላል። በዚያ ላይ ሕፃን ሲወለድ ያለው መልክ የመጨረሻው አይደለም፤ ብዙ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት እየጠየሙ ይሄዳሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው አራስ ጥየቃ ከአክስቶች አንዷ ሕፃኑን አገላብጣ «ይሄስ ማንንም አልመሰለም» ስትል የሚሰጡት መልስ አለዎት። ማንን እንደመሰለ ገና አላወቅንም፤ ምናልባት ፎቶ ያልተነሡትን ቅድመ አያት ይሆናል።